መተግበሪያ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ስለሚደረገው የክፍያ ፈተናና ስለ ሥሪት ቁጥር አያያዝ

ማናቸውም ነጋዴ አዲስ ሚዛን ገዝቶ በሱቁ ውስጥ ሲያቆም፤ ለደንበኛ ዕቃ መዝኖ ከመሸጡ በፊት ልኩ በታወቀ የብረት መመዘኛ ይፈትነዋል። ቡና ላኪውም ቢሆን ናሙናው ታይቶና ተቀምሶ ደረጃው ሳይታወቅ ጭነቱን ወደ ወደብ አይሰድም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሕተት በቤት ውስጥ ሲገኝ የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው፤ ከደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ ሲገኝ ግን ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ስምንም ያጠፋል።

ዛሬ በሚዛኑና በደረሰኙ ጎን አንድ ሌላ የንግድ መሣሪያ ተጨምሯል። ይኸውም በእጅ ስልክ ላይ ተጭኖ የሚሠራው መተግበሪያ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አፕ ስቶር የተባለውን የመተግበሪያ መደብር በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት በመተግበሪያው ውስጥ ግዢ እንዲፈጸም ፈቀደ። ጉግልም በ2003 ዓ.ም. ይህንኑ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስጀመረ። በአገራችን ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም.፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከጀመሩ ወዲህ፤ በስልክ መክፈል የባንክ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሱቅ ባንኮኒ ልማድ ሆኗል። ከዚህ የተነሣ የራሱን መተግበሪያ ለማሠራት የሚያስብ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ ቁጥሩ እየበዛ ሄዷል።

ሆኖም መተግበሪያው መልኩ አምሮ ስለ ታየ ብቻ ለገበያ ደርሷል ማለት አይደለም። ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሥራዎች በጥንቃቄ መፈጸም አለባቸው። አንደኛው ክፍያው በልዩ ልዩ ሁኔታ ተፈትኖ ማለፉን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ የወጣ ሥሪት፤ ማለትም እየታረመና እየተሻሻለ የሚወጣው የመተግበሪያው እትም፤ ከሌላው የማይምታታ ቁጥር እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መስለው ቢታዩም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የደንበኛው እምነት ነው።

የጥንቃቄው ምክንያት

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ለዚህ ጉዳይ በቂ ማስረጃ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ያህል ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ወደ ሌላ ሒሳብ ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን፤ በሥርዓቱ ላይ ይደረግ ከነበረ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑና አብዛኛው በኋላ መመለሱም ተገልጿል።

እንዲህ ያለ ታላቅ ድርጅት ገንዘቡን ለመከታተል የሕግ ባለሙያ፣ የሒሳብ መርማሪና በየአውራጃው የተዘረጋ ቅርንጫፍ አለው። አንድ ባለሱቅ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሒሳብ፣ ሳይከፈልበት የወጣ ዕቃ፣ ወይም ተከፍሎበት ያልደረሰ አገልግሎት ቢያጋጥመው፤ ኪሣራውን የሚችለው ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ፈተናው ለትንሹ ነጋዴ ከትልቁ ይልቅ የበለጠ ያስፈልገዋል እንጂ አያንስበትም።

ሁለት ዓይነት ሽያጭ፤ ሁለት ዓይነት ክፍያ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ የመርሐ ቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ በሙከጡሪና በለሚ በኩል አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ መተግበሪያ አሠራ እንበል። በመተግበሪያው ሁለት ነገር ይሸጣል። አንደኛ፤ ጤፍና ማሽላ በኩንታል ያስይዛል። ሁለተኛ፤ የአዲስ አበባን የእህል በረንዳ የዕለት ዋጋ ለሚፈልጉ ሰዎች በወር 100 ብር የሚከፈልበት የዋጋ ማስታወቂያ ያቀርባል።

ሁለቱ ሽያጮች በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ቢገኙም የክፍያ መንገዳቸው አንድ አይደለም። ጤፉ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ፤ የጉግል ፕሌይም ሆነ የአፕ ስቶር ደንብ በመደብሩ የክፍያ ሥርዓት እንዲሸጥ አይፈቅድም። ዋጋው በቴሌብር፣ በኤምፔሳ፣ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የክፍያ አስተላላፊ በኩል ይከፈላል። የዋጋ ማስታወቂያው ግን በስልኩ ላይ ብቻ የሚነበብ ስለሆነ፤ እንደ ጠቅላላው ደንብ የሚሸጠው በመደብሩ የክፍያ ሥርዓት ነው፤ በአንዳንድ አገሮች በሕግና በፍርድ የተደረጉ ልዩነቶች እንደ ተጠበቁ ሆነው።

መደብሩም ለዚህ አገልግሎቱ ድርሻውን ይወስዳል። ድርሻው ለብዙ ዓመታት 30 በመቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አፕልም ጉግልም ለአነስተኛ ሻጮች 15 በመቶ አደረጉት። በ15 በመቶ ሒሳብ ከ100 ብር የወር ክፍያ ላይ ለነጋዴው የሚቀረው ከግብር በፊት 85 ብር ነው ማለት ነው። የድርሻው መጠንና መደብሮቹ ለሻጭ ገንዘብ የሚልኩባቸው አገሮች ዝርዝር በየጊዜው ስለሚለወጥ፤ ከባለሙያ ጋር ውል ከመፈራረም አስቀድሞ የዕለቱን ደንብ ማየት ይገባል። ሽያጩን ለይቶ ሳያውቅ መተግበሪያ ያሠራ ነጋዴ ሥራው ካለቀ በኋላ መደብሩ ሲመልስበት፤ እንደገና ለማሠራት ሁለተኛ ገንዘብ ያወጣል።

ስለ ክፍያ ፈተና

የመተግበሪያ መደብሮች እውነተኛ ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ ክፍያውን ለመሞከር የሚያስችል መንገድ አዘጋጅተዋል። በጉግል ፕሌይ ነጋዴው የፈታኞቹን የኢሜይል አድራሻ በፈቃድ ፈታኝነት ያስመዘግባል። የተመዘገበው ፈታኝ ግዢ ሲጀምር የሙከራ ካርዶች ይቀርቡለታል፤ አንዱ ሁልጊዜ ክፍያውን የሚቀበል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚከለክል፤ ሌሎቹም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘግይተው የሚቀበሉና የሚከለክሉ ናቸው። አፕልም ለዚሁ ተግባር የተለየ የሙከራ ሒሳብ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መተግበሪያውን እንዲሞክር የተጋበዘ ሰው ሁሉ የፈቃድ ፈታኝ አይደለም። ስሙ በዚህ መዝገብ ያልገባ ሞካሪ ግዢ ቢፈጽም እውነተኛ ገንዘቡ ይቆረጥበታል።

ሊፈተኑ የሚገባቸው ሁኔታዎች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ክፍያው ሲሳካ። ደንበኛው የከፈለበትን ነገር ወዲያው ማግኘቱ፤ በነጋዴው መዝገብም አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገቡ ይታያል። ብዙዎች ይህን አንድ ፈተና ብቻ አድርገው ሥራው ተጠናቀቀ ይላሉ። ይህ ግን ሚዛንን ባዶውን አይቶ ትክክል ነው እንደ ማለት ነው።

2ኛ፤ ክፍያው ሲከለከል። ካርዱ ገንዘብ ቢያጣ ወይም ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ፤ መተግበሪያው ሳይደናገር ወደ ነበረበት ተመልሶ በግልጽ አማርኛ ምክንያቱን መንገር አለበት።

3ኛ፤ ክፍያው ሲዘገይ። በመጠባበቅ ላይ ያለ ክፍያ እንደ ተከፈለ ሊቆጠር አይገባም። ነጋዴ የተቀበለው ቼክ በባንክ ሳይመነዘር ዕቃውን እንደማይለቅ ሁሉ፤ መተግበሪያውም ክፍያው ተረጋግጦ የተፈጸመ መሆኑ ሳይነገረው አገልግሎቱን መስጠት የለበትም።

4ኛ፤ መስመሩ ሲቋረጥ። ይህ ፈተና ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖር ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ደንበኛው ወደ ጀማ በሚወርደው መንገድ ላይ በአውቶቡስ ተቀምጦ የክፍያውን ቁልፍ ይጫናል፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ነገር ግን መልሱ ወደ ስልኩ ሳይደርስ መስመሩ ይጠፋል። መተግበሪያው በሚገባ ካልተሠራ «ክፍያው አልተሳካም» ብሎ ይነግረዋል፤ ደንበኛውም ደግሞ ይከፍላል። በገደሉ ማዶ መስመሩ ሲመለስ ሁለት ጊዜ መክፈሉን ያያል። ስለዚህ ፈታኙ በክፍያው መካከል ሆን ብሎ የስልኩን መስመር ዘግቶና ስልኩን አጥፍቶ፤ እንደገና ሲከፍተው መተግበሪያው የቀደመውን ግዢ ፈልጎ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት።

5ኛ፤ ማረጋገጫው ሲዘነጋ። በጉግል ፕሌይ ሻጩ የተፈጸመውን ግዢ መቀበሉን በሦስት ቀን ውስጥ በመተግበሪያው ወይም በሰርቨሩ በኩል ካላረጋገጠ፤ ገንዘቡ ራሱን ችሎ ለገዢው ይመለሳል። ለፈቃድ ፈታኞች ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ደቂቃ ያጥራል። እንግዲህ የሙከራ ግዢ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተሰርዞ ከተገኘ፤ ስሕተቱ ይህን ማረጋገጫ ካለመላክ እንደሚመጣ መጠርጠር ነው። ይህ ጉድለት ሳይታይ ቢያልፍ ነጋዴው ሽያጩ እንደ ተፈጸመ ቆጥሮ ሲደሰት፤ በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ሁሉ ተመልሶ ያገኘዋል።

6ኛ፤ የወር ክፍያው ሲታደስና ሲቋረጥ። ወር እስኪሞላ መጠበቅ ሳያስፈልግ፤ በጉግል የሙከራ ሥርዓት የአንድ ወር ክፍያ በየአምስት ደቂቃው ይታደሳል። እንዲህም ሆኖ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የስድስት ወር ጉዞ ማየት ይቻላል። የሚታየው መታደሱ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ክፍያውን ባቋረጠ ጊዜ የከፈለበት ቀን እስኪያልቅ አገልግሎቱ መቀጠሉ፤ ሲያልቅም መዘጋቱ መመርመር አለበት።

7ኛ፤ ደንበኛው ስልክ ሲለውጥ። አሮጌውን ስልክ ትቶ አዲስ የገዛ ሰው ቀድሞ የከፈለበትን ነገር ያለ ሁለተኛ ክፍያ ማግኘት ይገባዋል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው በመደብሮቹ በኩል ስለሚፈጸመው ክፍያ ነው። በአገር ውስጥ የክፍያ አገልግሎቶች ለሚሸጠው ጤፍም ቢሆን ፈተናው ያው ነው፤ ሁለት ነገሮች ብቻ ይጨመሩበታል። የመጀመሪያው፤ የክፍያ አገልግሎቱ «ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት ለነጋዴው ሰርቨር ሁለት ጊዜ ሊልክ መቻሉ ነው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ በራሱ ቁጥር ለይቶ ካልመዘገበ፤ ለአንድ ክፍያ ሁለት ኩንታል እንዲጫን ያዝዛል። ሁለተኛው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ቻፓን የመሰሉ የክፍያ አስተላላፊዎች ለሙከራና ለእውነተኛው ሥራ ለየብቻ የሆነ የምስጢር ቁልፍ ይሰጣሉ። ባለሙያው የሙከራውን ቁልፍ ሳይለውጥ መተግበሪያውን ቢያወጣ፤ ደንበኛው የከፈለ ይመስለዋል፤ መተግበሪያውም «ተከፍሏል» ይላል፤ ዕቃው ይወጣል፤ ወደ ነጋዴው ሒሳብ ግን አንዲት ብር አትገባም። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ፤ መተግበሪያው ለሕዝብ ከመከፈቱ አስቀድሞ በእውነተኛው ቁልፍ፣ በእውነተኛ ገንዘብ፣ በጥቂት ብር አንድ ግዢ ፈጽሞ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ መግባቱን በዓይን ማየት የማይታለፍ ደንብ መሆን አለበት።

ፈተናው የሚካሄድበትም ስፍራና መሣሪያ ሊታሰብበት ይገባል። ባለሙያው በአዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ፈጣን መስመርና አዲስ ስልክ ይዞ የፈተነው መተግበሪያ፤ በዓለም ከተማ ገበያ በአሮጌ ስልክና በደካማ መስመር ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ከተማዋ ከጀርመኗ ከፋተርሽቴተን ጋር የቆየ የከተማ ወዳጅነት ያላት መሆኑን ያስታወሰ ነጋዴ ደግሞ፤ ከባሕር ማዶ ሆነው ለዘመዶቻቸው እህል የሚያስይዙ ሰዎች እንደሚኖሩ ገምቶ፤ መተግበሪያውን በእነርሱ አገር ቋንቋ፣ ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር በተዘጋጀ ስልክም ያስፈትናል።

ስለ ሥሪት ቁጥር

በፈተናው ላይ ስሕተት ተገኝቶ ሲታረም አዲስ ሥሪት ይወጣል። መተግበሪያው በአንድ ወር ውስጥ ዐሥር ጊዜ ሊታረም ይችላል። ዐሥሩም በመልክ አንድ ስለሆኑ የሚለዩት በቁጥራቸው ብቻ ነው።

በአንድሮይድ መተግበሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንደኛው ደንበኛው የሚያየው ስም ሲሆን እንደ 1.4.2 ያለ ነው። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው አሃዝ ታላቅ ለውጥን፤ መካከለኛው አዲስ የተጨመረ አገልግሎትን፤ የመጨረሻው የስሕተት እርማትን ያመለክታል። ይህ ቁጥር የገንዘብ ሒሳብ ነጥብ አለመሆኑን ማስተዋል ይጠቅማል። ከ1.9 ቀጥሎ የሚመጣው 1.10 ነው፤ እርሱም ከ1.9 የሚበልጥ እንጂ ከ1.1 ጋር እኩል የሆነ አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር ለደንበኛው የማይታይ፤ መደብሩና ስልኩ ብቻ የሚያነቡት ሙሉ ቁጥር ነው። ነጋዴ ይህን ቁጥር ለመረዳት የደረሰኝ ጥራዝን ማሰብ ይበቃዋል። የደረሰኝ ቁጥር በተከታታይ ይሄዳል፤ የተበላሸው ደረሰኝ ይሰረዛል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ ሽያጭ አይሰጥም። እንዲሁ ወደ ጉግል ፕሌይ የተላከ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ አይላክም፤ ደንበኞች የያዙትን ሥሪት የሚተካውም ቁጥሩ ከቀድሞው የሚበልጥ ብቻ ነው። መደብሩ የሚቀበለው ከፍተኛ ቁጥር 2,100,000,000 ነው። አይፎንም ተመሳሳይ ደንብ አለው፤ የሚታየው የሥሪት ቁጥር ከተፈቀደው ከቀድሞው መብለጥ አለበት፤ በአንድ ሥሪት ሥር የሚላከው እያንዳንዱ ቅጂም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ቁጥር ከቀኑ ይወስዱታል። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በአገራችን በሁለት የዘመን አቆጣጠር ይሠራልና። ለምሳሌ አንድ ባለሙያ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣውን ሥሪት በፈረንጆች አቆጣጠር 20250915 ብሎ ቆጠረው እንበል። በሚቀጥለው ወር ሥራውን የተረከበ ሌላ ባለሙያ ጥቅምት 10 ቀን 2018ን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 20180210 ብሎ ቢጽፍ፤ ቁጥሩ ከቀድሞው ያነሰ ስለሆነ ለቀድሞው ደንበኛ ሊደርስ አይችልም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጻፈው ቁጥር ያንን የመጀመሪያ ቁጥር የሚያልፈው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሌላም ወጥመድ አለ። በቀኑ ላይ የዕለቱን ተራ በሁለት አሃዝ ቢጨምሩበት 2018010501 ይሆንና ከወሰኑ በታች ይቀራል፤ ሦስት አሃዝ ቢጨምሩበት ግን ከወሰኑ አልፎ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ የሚሻለው ቀላሉ መንገድ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እያሉ መቁጠር፤ ቀኑን ደግሞ በመዝገብ መጻፍ።

መዝገቡም ለብቻው ተሰናድቶ ሊያዝ ይገባል። በእያንዳንዱ መስመር የማይታየው ቁጥር፣ የሚታየው ስም፣ ቀኑ፣ የተለወጠው ነገር፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ፈተናዎች የትኞቹ እንደ ተደረጉ፣ የፈታኙ ስም፣ ለሕዝብ የወጣበት ዕለት ይጻፍበታል። እያንዳንዱም ትእዛዝ ሲመዘገብ የመተግበሪያው የሥሪት ቁጥር አብሮ እንዲመዘገብ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ «ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ» ብሎ አቤት ቢል፤ ነጋዴው ስሕተቱ በየትኛው ሥሪት እንደ ተፈጠረ፣ ያንኑ ሥሪት የያዙ ሌሎች ደንበኞችም እነማን እንደሆኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውቃል። ሌሎቹም አቤት ሳይሉ ገንዘባቸውን ይመልስላቸዋል። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግን የሚያምነው ደንበኛውን ይሁን ባለሙያውን ሳያውቅ ይቀራል።

የወጣ ሥሪት እንደማይመለስ

አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። የመተግበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። በደንበኛው ስልክ ላይ የተጫነ ሥሪት ነጋዴው ስለ ተጸጸተ ተመልሶ አይመጣም። ማድረግ የሚቻለው የበለጠ ቁጥር ያለው የታረመ ሥሪት ማውጣትና ደንበኛው እንዲጭነው መጠበቅ ነው። የዳታ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ማሻሻያውን የዘጋ ሰው አሮጌውን ሥሪት ለብዙ ወራት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በገበያ ላይ በማናቸውም ጊዜ የሚገኘው አንድ መተግበሪያ ሳይሆን ብዙ ሥሪቶች ናቸው።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ሥሪቱን ለሁሉም በአንድ ቀን አለመልቀቅ ነው። በጉግል ፕሌይ የወጣ ማሻሻያ አስቀድሞ ከመቶ ለጥቂቱ ደንበኛ ብቻ እንዲደርስ ይደረጋል፤ ስሕተት ከታየም ሥርጭቱ ይቆማል። አፕልም በሰባት ቀን ውስጥ ከመቶ አንድ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መቶ የሚያደርስ አሠራር አለው። ሁለተኛው፤ መተግበሪያው ሲከፈት ከነጋዴው ሰርቨር «ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ሥሪት ስንት ነው» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ጉድለት የተገኘበት ሥሪት የክፍያው በር ተዘግቶበት ደንበኛው አዲሱን እንዲጭን ይነገረዋል። ይህ አሠራር በመጀመሪያው ሥሪት ውስጥ መኖር አለበት፤ በኋላ ቢጨመር የቀድሞዎቹን ሥሪቶች ሊደርስባቸው አይችልምና።

ስለ ጊዜና ስለ ውል

የፈተናው ጊዜ በንግዱ ዕቅድ ውስጥ መቆጠር አለበት። ከኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ በግለሰብ ስም የተከፈተ የጉግል ፕሌይ ሒሳብ መተግበሪያውን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት በዝግ ፈተና ማሳለፍ ግዴታው ሆኗል። መጀመሪያ የተጠየቀው 20 ፈታኞች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ነበር፤ ቆይቶ የፈታኞቹ ቁጥር ወደ 12 ዝቅ ብሏል። በዚህ ላይ የመደብሩ ምርመራና የስሕተት እርማት ሲጨመር፤ ለገና ገበያ መድረስ የሚፈልግ ነጋዴ ፈታኞቹን በኅዳር መጀመሪያ ማሰባሰብ ይኖርበታል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሚጀምር ግን ወይ በዓሉን ያሳልፋል፤ ወይ ያልተፈተነ ነገር ያወጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

ከባለሙያው ጋር የሚደረገውም ውል እነዚህን ነገሮች በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። በመደብሩ ያለው ሒሳብ በነጋዴው ወይም በድርጅቱ ስም መከፈት አለበት፤ የጉግል ፕሌይ መመዝገቢያ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ሲሆን የአፕል ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። አንድሮይድ አዲሱን ሥሪት የሚቀበለው በቀድሞው የፊርማ ቁልፍ ሲፈረም ስለሆነ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መታወቅ አለበት። ባለሙያው ሥራውን ለቅቆ ቢሄድና ሒሳቡም ቁልፉም በእርሱ ስም ቢሆን፤ ነጋዴው የራሱን መተግበሪያ ለማረም ፈቃድ የሚለምን እንግዳ ይሆናል። እንዲሁም የሙከራ ቁልፍ በእውነተኛው መተካቱን፣ ከላይ የተገለጹት ሰባቱ ፈተናዎች መፈጸማቸውንና የሥሪት መዝገቡ መሞላቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ሳይቀርብ የመጨረሻው ክፍያ ባይፈጸም፤ ለሁለቱም ወገን ጠብን ያስቀራል።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያ ሲታይ ብዙ ድካም የሚጠይቅ ይመስላል። ነገር ግን ሚዛኑን በየጊዜው የሚያስፈትን፣ ደረሰኙን በተራ ቁጥር የሚቆርጥና መዝገቡን በየማታው የሚዘጋ ነጋዴ ይህን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አዲስ የሆነው መሣሪያው ብቻ ነው። በጀማ ማዶ የሚኖረው ደንበኛ የነጋዴውን ፊት ሳያይ፣ ዕቃውን ሳይዳስስ፣ በስልኩ ላይ በሚታይ አንድ ቁልፍ ተማምኖ ገንዘቡን ይልካል። ያንን ቁልፍ ሲጫን የሚሆነውን ነገር ደንበኛው ከማወቁ በፊት ነጋዴው ራሱ ፈትኖ ማወቅ አለበት።